በገመዱ ሁለት ጫፍ

የእህቴን ባል ከምሳ በኋላ ወደ ድምፅ ማህደሩ ስገባ ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ ጆሮውን አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ለጥፎ አገኘሁት። የሞተ መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ አለ።

«አንተ ሰው!» ብዬ ጮህኩ።

ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ብቻ አነሳና ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝ። «ቀስ በይ እትዬ። እያዳመጥኩት ነው።»

«ምን ይልሃል?»

«ደክሞኛል ነው የሚለው።»

እንዲህ ነው እሱ። ከሰው ጋር አፉን ለመክፈት እንደ ጥርስ ነቀላ የሚከብደው ሰው፣ ከዕቃ ጋር ሲሆን ወሬው አያልቅበትም። በሬዲዮ ጣቢያችን ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላው ሁሉ ቆልፌ ነው የሚለው። ስም ይመስላል እንጂ ስም አይደለም፣ መልሱ ነው። «መስመሩ እንዴት ነው?» ሲሉት «ቆልፌዋለሁ» ይላል። «የስቱዲዮውስ ኮምፒዩተር?» «ቆልፌዋለሁ።» «እንደምን አደርክ?» ሲሉትም የሚመልሰው ይህንኑ ነው እያሉ ያሙታል። ይሄ እንኳ ሐሰት ነው፤ እንደምን አደርክ ሲሉት ጨርሶ አይሰማም።

መቆለፍ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ እኔም የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ሁለት መሣሪያዎች በኔትወርክ ገመድ ሲገናኙ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይተዋወቃሉ። አንዱ «እኔ በዚህን ያህል ፍጥነት እሄዳለሁ፣ እየሰማሁ መናገርም እችላለሁ፣ አንተስ?» ይላል። ሌላውም የሚችለውን ይናገራል። ከዚያ ሁለቱም በሚችሉት ይስማማሉ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። ቆልፌ ሥራውን በጀመረበት ዘመን ግን መሣሪያዎቹ ገና ጨዋታውን አልለመዱትም ነበር፤ ተገናኝተው ሳይግባቡ ይቀራሉ። አንድ ቀን ዜና በቀጥታ እየተላለፈ ሳለ መስመሩ ተበጣጠሰ፤ አንባቢያችን አፉን ከፍቶ ቀረ፣ አገር ሙሉ ዝምታ ሰማ። ቆልፌ ያን ዕለት ላቡ በጀርባው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለመሣሪያዎቹ ምርጫ አልሰጣቸውም። በገመዱ በዚህኛውም ጫፍ በዚያኛውም ጫፍ ራሱ እየሄደ፣ በእጁ፣ «በመቶ ሂድ፤ እየሰማህ ተናገር፤ ማንንም አትጠይቅ» ብሎ ይደነግጋል። ሁለቱም ጫፍ በእሱ እጅ ስለነበር ነገሩ ሰመረለት።

ቤቱም እንደዚያው ነው። ወጥቶ በሩን ይቆልፋል፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ይነካዋል። የእህቴን ቁም ሣጥን ከሞተች ጀምሮ ቆልፎታል። ቁልፉ የት እንዳለ አልጠየቅኩም፤ ኪሱ ውስጥ ሲንኳኳ እሰማዋለሁ።

እህቴ በዚህ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ተረት የምታነብ ሴት ነበረች። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ማህደሩን እጠብቃለሁ። ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ልጆች ያፋቸውን ዳቦ ማላመጥ ይረሱ ነበር። እናቶች ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ማውረድ ይረሱ ነበር። እኔ ራሴ በልጅነታችን አልጋ ተጋርተን ስንተኛ፣ ያወራችኝን ያህል ያወራኝ ሰው የለም፤ ጫፉን ሳልሰማ እንቅልፍ ይወስደኝና ጠዋት ጨርሺልኝ ብዬ እለምናታለሁ። ቆልፌ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ፣ መቅረጫው ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነበር። ተጋቡ። እንዴት እንደጠየቃት ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ እየሳቀች «እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ እሱማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ» ትለኝ ነበር።

በአንድ ክረምት የማህደሩ ጣሪያ አፈሰሰና ድምፅ የተቀረፀባቸው የቴፕ ክሮች ሁሉ በሰበሱ። ደግነቱ እህቴ ቀደም ብላ ተረቶቿን አንድ በአንድ ወደዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ገልብጣ ነበር። ከዚያ ታመመች፣ አረፈች። በዚህች ምድር ላይ ድምፅዋ ያለው እዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ቆልፌ ማንም እንዳይነካው አደረገ። እሱም አይከፍተው፣ ሌላም አያስከፍት። አንድያ ልጃቸው «አባዬ፣ እማዬን ልስማት» ስትለው «ጊዜው ሲደርስ» አላት። ደጋግማ ጠየቀች፣ ደጋግሞ እንደዚያው አላት። በመጨረሻ «ላንተ ብቻ አይደለም የሞተችብህ» ብላ ልብሷን ሰብስባ ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራየች። ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ «በላሽ?» «በላሁ»፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ነው። እኔ መሃል ሆኜ አንጀቴ ያራል። በተለይ እሱን ይዤ ብነቀንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ኮምፒዩተር ከሰሞኑ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ጀምሮታል። ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው፤ አንዴ ከጠፋ ዳግመኛ አይነሳም አለን ቆልፌ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ያለው መላ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ፎቅ ላይ ወዳለው አዲስ ማከማቻ በገመዱ በኩል መገልበጥ ነው። ጊዜው በግድ ደረሰ ማለት ነው።

የፈጣሪ ሥራ ሆኖ ጣቢያው በዚያው ሰሞን ኔትወርኩን እያሳደሰ ነበር። ሥራውን የያዘው ድርጅት ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? የእህቴን ልጅ። እሷም የአባቷን ሙያ ነው የያዘችው፤ ግን በአዲሱ ዘመን ትምህርት። ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አሮጌውን ስዊች አወረደችና አዲስ አንጠለጠለች፤ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ሣጥን ማለቴ ነው። የአባቷን ኮምፒዩተር ገመድም እንደሌላው ሁሉ ሰካችው። «ሰካሁት» ብላ ለማንም አልተናገረች። እሱም «እንዴት አድርገሽ ሰካሽው?» ብሎ አልጠየቃትም። አረንጓዴዋ የመስመሩ መብራት በርታለች፤ ለሁለቱም በቃቸው።

መገልበጡ ግን አልሄድ አለ። ትንንሹ ነገር ያልፋል። ፒንግ የሚሉት አለ፣ መሣሪያው ለመሣሪያው «አለህ?» ብሎ ልኮ «አለሁ» የሚለውን መልስ የሚጠብቅበት፤ እሱ ያለ እንከን ይመለሳል። የእህቴ ተረት ሲሆን ግን ትንሽ ይንፏቀቅና ቀጥ ይላል። እንደገና ሲጀምሩት ዲስኩ ቋ ይላል፣ እንደገና ቀጥ። ቆልፌ ገመዱን ለወጠ። የገመዱን ጫፎች ቆርጦ አዲስ ገጠመ። በመፈተሻው ለካው፤ ደህና ነው። ወለል ላይ ተጋድሞ ያገኘሁት ይሄን ሁሉ አድርጎ ተስፋ ሲቆርጥ ነው።

«ልጅቷን ለምን አትጠይቃትም?» አልኩት።

«የኔ ጫፍ ደህና ነው። ቆልፌዋለሁ» አለ። ከዚያም «ካልከበደሽ ውጪና ምን እንደሚታያት ጠይቂልኝ» አለኝ።

ወጣሁ። ልጅቷ ላፕቶፗን ከስዊቹ ጋር አገናኝታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የእናቷ አንገት፣ የአባቷ ቅንድብ። ጉድ እኮ ነው፣ የዚያ ሰው ቅንድብ ሴት ልጅ ላይ ያምራል።

«አክስቴ፣ በኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው በይው። ግን መስመሩ ላይ መልእክቶች ሲጋጩ እያየሁ ነው። እሱ ዘንድ ግጭት አለ ወይ?»

ወረድኩ። «ግጭት አለ ወይ ትላለች።»

«ምንም ግጭት የለም፣ ዜሮ ነው። የሚደርሰኝ ግን የተቆራረጠ ነው በያት። ጎደሎ፣ ስብርባሪ።»

ወጣሁ። «ግጭት የለም አለ። ስብርባሪ ነው የሚደርሰኝ አለ።»

«ግጭት የለም? ዜሮ?» አለች ግንባሯን ቋጥራ። «እንዴት ይሆናል? በኔ በኩል እኮ እየጨመረ ነው። ደግሞ ንግግሩ ከተጋመሰ በኋላ የሚመጣ ግጭት ነው። ደህና አይቶት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

መመለስ ጀመርኩ። ከደረጃው መሃል፣ መስኮቱ ያለበት መዞሪያ ላይ ትንሽ ልረፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ደረጃው ላይ ተኝታለች። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ የትም አይደርስም። ከአንዱ ስቱዲዮ በር ስር ሙዚቃ ይሁን የማሽን እንጉርጉሮ ያልለየሁት ነገር ይመጣል። ግድግዳው ለስለስ ያለ ሙቀት አለው። ጭንቅላቴን አስደገፍኩ።

እህቴ ከጎኔ የተቀመጠች መሰለኝ። ያ የምትወደው ሹራቧ እጅጌው ተጎትቶ እጇን ሸፍኖታል። የልጅነት አልጋችን ደረጃው ላይ ተዘርግቷል፣ እኔም አልገረመኝም። ተረቱን ልትጀምር አፏን ትከፍታለች፤ ከላይ አንድ ሰው ይናገርና ያቋርጣታል። ዝም ትላለች። ደግማ ትከፍታለች፤ ከታች ሌላው ይናገርና ያቋርጣታል። ተቆጥታ አይደለም፣ ጠብቃ ነው ወደኔ የምታየው። «ጨርሺልኝ» ልላት ስል ነቃሁ። ፀሐይዋ አንድ ደረጃ ወርዳለች። ጉንጬ ረጥቧል። ናፍቄያታለሁ፤ በቃ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ከዚያ ግን ንዴቴ መጣ። አመጣጡም እንደ እንፋሎት ነበር። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ተመለስኩ፤ የልጅቷን ክንድ ያዝኩ።

«ተነሺ! እኔ ገመድ አይደለሁም! ሁለታችሁም የኔ ጫፍ ደህና ነው ትላላችሁ፣ እህቴ መሃል ላይ እየተቆራረጠች ነው። ነይ ውረጂና ራስሽ ጠይቂው!»

«አክስቴ፣ ክንዴ...»

«ክንድሽ ይነቀል!»

ላፕቶፗን እንዳቀፈች እየጎተትኩ አወረድኳት። ቆልፌ ሲያየን ከወለሉ ብድግ አለና ሸሚዙን አራገፈ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው። ወንበሩን ገፋ አደረገላት። ሳትቀመጥ ከጀርባው ቆማ ስክሪኑን አየች። እሱ በጣቱ ስብርባሪው የተቆጠረበትን አሳያት። ቁጥሩ እያየነው ዘለለ። እሷ ላፕቶፗን ከጎኑ ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ ካለው መስመር አገናኝታ የራሷን አሳየችው። ያም ዘለለ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አንዱ የሌላውን ቁጥር አዩ።

«አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄን የኔትወርክ ካርድ ቆልፈኸዋል እንዴ?»

«እንዴታ! በመቶ፣ እየሰማ እንዲናገር። ድሮ ነው የቆለፍኩት።»

«እኔ ደግሞ ክፍት ነው የተውኩት። ራሳቸው ይስማሙ ብዬ።»

ቆልፌ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ለኔም ንገሩኝ እንጂ!» አልኩ።

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «አክስቴ፣ አየሽ፣ የኔው ስዊች 'ማነህ? ምን ትችላለህ?' ብሎ ይጠይቃል። የአባዬ ማሽን ማንንም እንዳይጠይቅ፣ ለማንም እንዳይመልስ ስለተነገረው ዝም ይላል። ስዊቹ ከመስመሩ ምልክት ፍጥነቱን መገመት ይችላል፣ እየሰማ መናገር መቻሉን ግን ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ፣ 'ይሄ አይችልም ብለህ ያዝ፣ እሱ ሲናገር አንተ ዝም በል፣ አንተ ስትናገር እሱ ዝም ይበል' ይለዋል። የአባዬ ማሽን ደግሞ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እየሰማ ይናገራል። ስዊቹ ተጋጨን ብሎ ቃሉን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። እዚህ የሚደርሰው ያ ቁራጭ ነው።»

«ያ አለህ፣ አለሁ የሚለው ሰላምታስ እንዴት ያልፋል?»

«አጭር ነዋ። አጭር ወሬ ለመጋጨት ጊዜ አያገኝም።»

በላሽ፣ በላሁ። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። ሁለቱም መሬት መሬት ሲያዩ አየኋቸው።

ቆልፌ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። «ልክፈተው» አለ። «ያንቺው ልክ ነው። እኔ ልክፈተው።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ይሄ ሰው ልክፈተው ሲል ሰምቼው አላውቅም። እጁን ወደ ኮምፒዩተሩ ቁልፎች ሰደደ። ልጅቷ ያዘችው።

«አትንካው አባዬ! ይሄ አሮጌ ካርድ ሳይጠፋና ሳይነሳ አዲስ ነገር አይቀበልም። ካጠፋነው ደግሞ አይነሳም።» እጁን አልለቀቀችም። «አንተ እንዳለህ ሁን። እኔ ወዳንተ እመጣለሁ።»

ብላ ላፕቶፗን ይዛ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። እኔና እሱ አረንጓዴዋን መብራት እያየን ቀረን። ጠፋች። ዲስኩ ቋ አለ። መብራቷ ተመልሳ በራች። ከፎቅ ላይ፣ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ፣ የእህቴ ልጅ ጮኸች፦

«አባዬ! ቆልፌዋለሁ!»

ከዜና ክፍሉ ሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ልጅየዋም ጀመራት!» ሲል ሰማሁ። ቆልፌ ግን አልሳቀም። «መብራት አይታመንም» አለና በሩ ላይ ቆሞ ወደ ደረጃው አንጋጠጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

«ስንት ይልሻል?»

«መቶ! አንተስ?»

«መቶ! እየሰማ ይናገራል?»

«ይናገራል! ያንተስ?»

«የኔም! አሁን ትልቁን ልለቀው ነው፣ ግጭቱን እዪ!»

«ልቀቀው!»

ለቀቀው። የእህቴ ረጅሙ ተረት መንገድ ጀመረ።

«ግጭት?»

«ቆሟል! አንድ አልጨመረም! ስብርባሪውስ?»

«የለም!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «የለም ልጄ!»

እኔ የማህደሩ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኳቸው። እህቴ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ እንዲህ ረጅም ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ቢያልቅም አላቆሙም፤ እሷ ከላይ አሁን የት ደረሰ ትላለች፣ እሱ ከታች ግማሽ ሊሞላ ነው ይላል፣ እሷ ዲስኩስ ትለዋለች፣ እሱ ዛሬ ልቡ ደህና ናት ይላታል። ብርሃኑ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲሸጋገር የእህቴ ተረቶች እኔ ከተቀመጥኩበት በላይ፣ በግድግዳው ውስጥ፣ በቀጭኗ ገመድ አልፈው ይሄዱ ነበር። የሰማኋቸው ያህል ነበር የሚሰማኝ።

የመጨረሻው ሲያልፍ ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ ወረደች። ቆልፌ አሮጌውን ኮምፒዩተር ጣሪያውን መታ መታ አደረገውና ራሱ በእጁ አጠፋው። ዳግመኛ አልነሳም፤ ማንም ሊያስነሳው አልሞከረም። ልጅቷም «እንግዲህ የኔን ጫፍ መልሼ ልክፈተው?» ስትለው «ክፈቺው» አላት።

ከዚያ በአዲሱ ማከማቻ ላይ የተቀመጠውን መጀመሪያውን ፋይል በልጅቷ ላፕቶፕ ለመክፈት ሦስታችንም ወንበር ስበን ተጠጋጋን። ቆልፌ ሊነካው ፈራ። እህቴ ከሞተች ጀምሮ አንድም ቀን እንዳልሰማት፣ ብሰማት በእግሬ የምቆም አልመሰለኝም ብሎ ያን ዕለት ነው የነገረን። ልጅቷ ነካችው።

መጀመሪያ የክፍሉ ሹክሹክታ መጣ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከዚያ እሷ መጣች፤ ወጣት፣ ቅርብ፣ ሳቅ ሳቅ እያላት።

«ይሰማል? አንተ፣ ትሰማኛለህ?»

ይሄ ተረቱ አይደለም። ከቀረፃ በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ ነው። ቆልፌ በዚያ ዘመን ከማስተላለፉ በፊት ሁሌ ይቆርጠው ነበር፤ ተጥሎ የቀረ ይመስለው ነበር። እህቴ ግን ስትገለብጥ ከዋናው ክር ላይ አንሥታ፣ ሳትነግረው፣ እንዳለ አስቀምጣዋለች።

«ዝም አትበለኝ እንጂ» አለች እህቴ። «አንተን ካልሰማሁ አልጀምርም።»

ቀረፃው ውስጥ ፀጥታ ሆነ። ረጅም ነበር። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። እሱ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ፣ እንባው አገጩ ላይ እየደረሰ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«እሰማሻለሁ» አላት፣ በዚህ ባረጀ ድምፁ።

ወዲያው ከቀረፃው ውስጥ ያፈረ የወጣት ድምፅ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ «አለሁ» አለ።

እህቴም ማንበብ ጀመረች።